ሁለት ክር የጎደለው ጊታር

በአዲስ አበባ ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ሰው ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ግንባሩ ላይ ብር የሚለጠፍበት ዘፋኙ ነው። በሌሊት ጥቁር መነጽር ያደረገው የኪቦርዱ ሰው ነው። ላቡ የሚንጠፈጠፈው ከበሮ መቺው ነው፤ ከሙሽሪት ጋር ፎቶ የሚነሣው ደግሞ ሳክስፎኑ። ከእነዚህ ሁሉ ኋላ፣ ሞንታርቦው ጥግ ላይ፣ ማንንም የማያይ፣ ማንም የማያየው አንድ ሰው ቆሟል። እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት የሚሰማው የለም። ገመዱ አንዴ ቢነቀል ግን እስክስታ የሚወርደው ሁሉ ትከሻው ይከዳዋል። ምን እንደጎደለ ስለማያውቅ ወደ አስተናጋጁ ዞሮ «ጠጁን አቀጠናችሁት እንዴ?» ይላል።

በሰው መፍረድ አይገባም። የከተማችን ጆሮ ቤዝን በልኩ የሚያገኝበት ቦታ የለውም። ሙዚቃ የምንሰማው ወይ በስልክ ነው ወይ በሚኒባስ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከቤዙ ድምፅ የታችኛውን ክፍል ጨርሶ አያወጣውም። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚሄደው ሚኒባስ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ባስቀመጠው ዉፈር የቀረውን ድምፅ ሁሉ ውጦ፣ ቤዙን ብቻ በመቀመጫው በኩል ወደ አከርካሪ ይልካል። ያው አንዱ ዘፈን ቤት ሲሰማ ቤዝ የለውም፤ ታክሲ ውስጥ ሲሰማ ዘፋኝ የለውም።

ያገለገለ ቤዝ ጊታር የገዛሁት ሾላ ገበያ አካባቢ ነው። ከየት እንደመጣ ደላላውም አያውቅም፤ ከአንድ የፈረሰ ባንድ ይሁን ከአንድ የፈረሰ ትዳር አልተጣራም። ደላላው ግን ሐቀኛ ሰው ነበር። ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ እኔ ሰው አልሸውድም። ሁለት ክር ጎድሎታል። ለዚህ ብዬ ነው ዋጋውን የቀነስኩልዎት» አለኝ። ቤዝ ጊታር ከጥንቱም ባለ አራት ክር መሆኑን፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ያሉት መቃኛዎችም አራት ብቻ መሆናቸውን ላሳየው አሰብኩና ቅናሹ ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ። እንዲያውም ራሴን ነቀነቅሁ። «አንገቱም ትንሽ ረዝሟል» ብሎ ሌላ ጉድለት ሲጨምርልኝ፣ ለዚያም ተጨማሪ ቅናሽ መጠየቅ ነበረብኝ።

ወደ ቤት ልመለስ ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ «የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» አለ። እኔ ታቅፌው እቀመጣለሁ፣ ወንበር አይዝም ብዬ ተከራከርኩ። «ጋሼ፣ አንገቱ የሰው ፊት ላይ ነው ያለው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ከረጢቱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ለመዝሙር ነው ለዘፈን?» ብለው ጠየቁኝ። በኛ አገር የሙዚቃ መሣሪያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋውን ሳይሆን ሃይማኖቱን ነው። «ገና አልተቃኘም፣ እማማ» አልኳቸው። መልሱ ያረካቸው ይመስለኛል፤ እስከምወርድ ድረስ በሐዘኔታ ያዩኝ ነበር።

ቤት ገብቶ ሲመረመር የዕቃው ጤና በየብልቱ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። አካሉ ደህና ነው። ድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ክሮቹ ዝገዋል። አንገቱ ጎብጧል። አምፑ ላይ ሲሰካ ደግሞ ማንም ሳይነካው ብቻውን ያጉረመርማል።

እዚህ ላይ ስለ ፈጣሪው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጥንት ቤዝ ማለት ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው አቅፈው የሚጫወቱት ኮንትራባስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊዮ ፌንደር የተባለ ሰው ያን ግዙፍ ዕቃ ወደ ጊታር አሳነሰው፤ አንገቱም ላይ ፍሬት የሚባሉትን የብረት መስመሮች ደረደረበትና ጣት የት እንደሚያርፍ መገመት ቀረ። ፌንደር መነሻው ራዲዮ ጥገና ነበር። ጊታር መጫወት ግን አይችልም። ዓለምን ያስጨፈረውን መሣሪያ የሠራው መጫወት የማይችል ራዲዮ ጠጋኝ ከሆነ፣ የኔን የሚጠግነው ደግሞ ለምን ምጣድ ጠጋኝ አይሆንም ብዬ ወደ ሰፈራችን ልጅ ወሰድኩት።

ልጁ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ አለችው። ሙያው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ቴሌቪዥንና የፀጉር ማድረቂያ ይነካካል። ቤዙን ከከረጢቱ ሳወጣው ከላይ እስከ ታች አየውና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ዋት ይስባል?» አለ።

«ምንም አይስብም። ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። የብረት ክሩ እላዩ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል።»

«አሃ! ዲናሞ ነው በሉኛ።»

ፒክአፕ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ባጠረ ቃል ሲገለጽ ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ሽፋኑን በካቻቢት ፈታ፣ መቆጣጠሪያዎቹን የኮንታክት ማጽጃ ረጭቶ ደጋግሞ አዟዟራቸው፤ መንኮሻኮሹ ጠፋ። ቀጥሎ ክሮቹን በመዳፉ ሲነካም ሲለቃቸውም ጉርምርምታው እንደማይለወጥ አስተዋለ። «ማሳው ተበጥሷል» አለ። ክሮቹ የሚታሰሩበትን ብረት ከውስጡ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ለቅቆ ኖሯል። በየደውና ጉርምርምታው በግማሽ ወረደ። የቀረው ግማሽ የግድግዳው ነው፤ ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም።

ስለ ግድግዳው ጉርምርምታ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከቤዝ ክሮች ወፍራሙ፣ ሚ የሚባለው፣ 3ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚሰጠው ሶል በሴኮንድ 49 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ በየካም በቦሌም በየቤቱ ያለ ሶኬት ቀንና ሌሊት ሶልን ይዘምራል፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው ያበላሸው። አንድ ኪቦርድ የሚጫወት ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ለምን አራቱንም ክሮች ትንሽ ከፍ አድርገህ ወደ ሶኬቱ አትቃኛቸውም?» አለኝ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ጉርምርምታው ጨርሶ የሚጠፋው መብራት ሲሄድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አምፑም አብሮ ይሄዳል።

አንገቱ የባሰ ጣጣ ነበረው። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው የተቃኙ አራት የቤዝ ክሮች በአንድ ላይ አንገቱን ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ይጎትቱታል። የአንድ ኩንታል ጤፍ ሦስት ሩብ ያህል በዚያች ቀጭን እንጨት ላይ ሌት ተቀን ተንጠልጥሎ ይውላል ማለት ነው። ይህን ለመቋቋም አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ተቀብሯል። ጫፉ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ገብቶ ወደ ቀኝ ሲዞር አንገቱ ይቃናል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይላላና ክሮቹ ወደ ፊት ይስቡታል። ፍጹም ቀጥ ማለትም የለበትም። ክሩን መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ መሐሉን ስታዩ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከደብተር ሦስት ቅጠል ቢደራረብ የሚያህል ክፍተት ይፈለጋል። ከልጄ ደብተር ሦስት ቅጠል ቀደድኩ። የቤት ሥራ የተሠራበት መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ከመምህሯ ጋር የነበረኝን ንግግር ልዝለለው።

ቁልፉን ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ መታገሥ ነው ደንቡ፤ እንጨት ትእዛዝ የሚቀበለው እያመነታ ነው። ምጣድ ጠጋኙ ግን በዚህ በኩል ተፈጥሮው ረድቶታል፤ ልጁ በየትኛውም ሥራ አይቸኩልም። አንዳንድ ደንበኞቹ እንጀራ ከገበያ መግዛት የለመዱት በእሱ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የክሩ ከፍታ ይለካል። 12ኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለጣትም ለጆሮም ይመቻል፤ ይህንንም በልጄ ማስመሪያ ለካን። ከዚያ ባዶው ክርና 12ኛው ፍሬት ይነጻጸራሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ስምንትዮሽ ነው፤ በትክክል ካልገጠመና 12ኛው ከፍ ካለ ክሩ የሚያርፍበት ብረት ወደ ኋላ ይሳባል፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይገፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲያልቅ መሣሪያው የተቃና ይመስላችኋል።

የተቃናው ግን ለዚያ ወር ነው። ይህን የምለው የየካ ሰው ስለሆንኩ ነው። ቦሌ ያለ ቤዝ ምናልባት ዓመቱን በሙሉ በአንድ ልክ ይኖር ይሆናል፤ የኛ ሰፈር ግን ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ የተቀመጠ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሐል ወርዶ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ብርድ ልብሱ ይረጥባል፣ ጨው ይሟሟል፣ በር አልዘጋ ይላል። እንጨት ከሆነ ሁሉም ያብጣልና የቤዙም አንገት አብጦ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ ክሩ ከፍ ይላል፣ ጣት ይደክማል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ይኸው እንጨት ይደርቅና ይኮማተራል። ብረት አብሮት ስለማይኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ከጠርዝ ወጥቶ መዳፍ ይቧጭራል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጥና ክሮቹ ፍሬት እየነኩ ዝዝ ይላሉ። የቤዝ ተጫዋች የካ ውስጥ የወቅት መለዋወጥን በጣቱ ያውቀዋል። አደይ አበባ አያስፈልገውም።

የክሩን ነገር በአጭሩ ላሳልፍ። አዲስ የቤዝ ክር በከተማችን ውድ ነው፤ ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ድኻ ቤዚስቶች የሚያደርጉትን አደረግሁ፤ አሮጌውን ክር ቀቀልኩት። የፈላ ውኃ በጥምጥሙ መሐል የገባውን የጣት ወዝና ቆሻሻ ያወጣል፤ ክሩም ለጊዜው ይታደሳል። ባለቤቴ ብረት ድስቱን ከፍታ ስታይ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። በኋላ ቀስ ብላ «ጨው ጨምረህበታል?» አለችኝ። እዚያ ድስት ውስጥ እስከ ዛሬ ሽሮ አልተሠራም።

የሚያስቀው ድካሙ ሁሉ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። በዲትሮይቱ የሞታውን ኩባንያ ዘፈኖች ላይ ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ በቀር አይቀይርም ነበር። ወዙም ዕድፉም የድምፁ አካል ነበር። ከክሮቹ ሥርም ቁራጭ ስፖንጅ ይሸጉጥ ነበር፤ ድምፁ እንዳይንዛዛና ድም ብሎ እንዲቆም። ይህን ከሰማሁ በኋላ የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ግማሹ ጠፋ። ባለቤቴ በዚህኛው ላይ ጥያቄ እንኳን አልጠየቀችም።

እኔ የምፈልገው ድምፅ ደግሞ የዲትሮይት አልነበረም። የምፈልገው ካሴት ላይ ያደግንበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ቤዝ የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነው። በዋልያስ ባንድ ደግሞ መላከ ገብሬ ነበር። እነዚህን ሥራዎች ዘፋኙን ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ አንድ ጊዜ ስሟቸው። ችክችካው በስድስት እየተመታ ሲሄድ ቤዙ አይቸኩልም፤ ሁለት ቃል ይናገራል፣ ይቆማል፣ አንድ ይደግማል። ድምፁ ክብ ነው፣ ጫፍ የለውም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ኪቦርድ ይዞ በግራ እጁ የባንዱን ቤዝ፣ በቀኙ የቀረውን ሁሉ የሚሠራበት ዘመን መጣና ብዙ ቤዚስት ሥራ ፈታ። በኔ ፍርድ የዘፈኖቻችን ወገብ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። የኪቦርድ ወዳጄ በዚህ አይስማማም፤ ግራ እጁን እያወዛወዘ ነው የሚከራከረኝ።

ያን ክብ ድምፅ ለማግኘት የላይኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን መቆጣጠሪያ ወደ መዝጊያው ጠጋ አድርጎ፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ብረት ርቆ ወደ አንገቱ በኩል በለስላሳው የጣት ሥጋ መምታት ነው። ፒክአፑንም ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ማግኔቱ በጣም ከቀረበ ክሩን ይስበውና ቅኝቱን ያዛባዋል። ይህን ሁሉ አድርጌ አምፑ ፊት ስቆም ደስ የሚል ነገር ተሰማኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል ጠፋ። በሩ ጋ ስደርስ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። የሚ ክር ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ የኔ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ 5 ሜትር አይሞላም። ድምፁ ቤቴ ውስጥ አይበቃውም ማለት ነው። ጭቃ ግድግዳው የላይኛውን ድምፅ፣ ዜማውንና ጥራቱን ለኔ ያስቀርና የታችኛውን ወደ ጎረቤት ያሳልፋል።

ጎረቤቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊት ናቸው። የካ ሚካኤልን አያስታጉሉም። ቅሬታቸውን በግድግዳ ምት ይገልጻሉ፤ ሦስት ምት «አሁንስ በዛ» ማለት ነው፣ አንድ ምት ደግሞ ሚስማር እየመቱ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ላ ክር ሲመታ ብቻ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሉህ አላቸው፤ ያንን በመሰላል ወጥቼ በሁለት ሚስማር አስተካከልኩላቸው። የድምፅ ባለሙያ ቢጠየቅ ይህን ሕክምና ብዙ ገንዘብ ያስከፍልበታል።

እንግዲህ ወደ ዝዝታው ልምጣ። በዓለም ላይ ስለ ቤዝ ጥገና የተጻፈ ነገር ሁሉ የሚዋጋው ከዝዝታ ጋር ነው። ክር ፍሬት ነክቶ ዝዝ ካለ በሽታ ነው፤ አንገቱን አላላ፣ ክሩን አንሣ፣ ፍሬቱን ሞርድ ይባላል። እኛ ግን ሆን ብለን ዝዝታ የምንሠራ ሕዝብ ነን። በገናን ተመልከቱ። አሥር ክር አለው፣ በዚህ ሒሳብ የኔ ቤዝ ስድስት ይጎድለዋል። ክሮቹ ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ክርና በመቆሚያው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ክሩ መቆሚያውን በስሱ እየነካ ዝዝ እንዲል ማድረግ። ደርዳሪው ዝዝታው እስኪጥመው ድረስ እንዚራዋን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋታል። ፌንደር ይህን ቢያይ ሥራው የተበላሸ ይመስለውና ካቻቢት ያነሣ ነበር።

ደግሞም ይህ የኛው ተራራ ነገር ነው። በገናን በሸክላና በሲዲ ለዓለም ካሰሙት አንዱ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያስተማሩት ዓለሙ አጋ፣ የተወለዱት እንጦጦ ነው። በገና የጀመሩት በ12 ዓመታቸው ሲሆን ምክንያቱም ጎረቤት ነው፤ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ ታላቅ በገና ደርዳሪ በቤታቸው አጠገብ መኖር ጀመሩ። ከግድግዳ ማዶ ዝቅ ያለ ድምፅ መስማት ለሰው የሚያመጣው ዕጣ እንግዲህ የተለያየ ነው።

በጋው ጠንክሮ ሁዳዴ ሲገባ የቤዜ አንገት እንደ ልማዱ ደርቆ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ሚ ክርና ላ ክር ዝዝ ማለት ጀመሩ። የሰፈሩ ሰው እየጾመ ስለሆነ ድምፁን ቀንሼ፣ ማታ ማታ፣ በቀስታ፣ አንድ ሐረግ እየደጋገምኩ እለማመድ ነበር። የግድግዳ ምት አልመጣም። የጣሪያው ሚስማር እንደሠራልኝ ቆጠርኩት። ዝዝታው ሲሰለቸኝ ግን ወደ ምጣድ ጠጋኙ ሄድኩ፤ ቁልፉን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዞረና አንገቱን አላላው፣ ክሩንም ትንሽ አነሣልኝ። በማግሥቱ የቤዙ ድምፅ ንጹሕ ነበር፤ የጆቫኒ ሪኮ ዘመድ ነው ባይባልም የሰፈሩ ልጅ ነው ያሰኛል።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ በር ላይ ጠበቁኝ። ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው።

«ልጄ፣ ታመህ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው?»

«እንጃ። ጾሙ ሳይፈታ በገናውን ተውከው ብዬ ነው። ያንን የዓለም ነገር ትተህ ወደ በገና መመለስህን በግድግዳው ስሰማ ስንት መርቄህ ነበር! ማታ ማታ ጸሎቴን በሱ ነበር የማደርሰው። ይኸው ሦስት ቀን ድም ድም ብቻ ሆነ።»

ምን ይመለሳል? «ክሩ ተበላሽቶ ነው፣ አሠራዋለሁ» አልኳቸውና ከረጢቱን ተሸክሜ በቀጥታ ወደ ሱቁ ወረድኩ። ልጁ አንድ የተቃጠለ ምጣድ ገልብጦ ሽቦ እየቆጠረ ነበር። ዝዝታውን እንዲመልስልኝ፣ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ብቻ ዝቅ እንዲያደርግ፣ ከፍ ሲመቱ ብቻ ሳይሆን በቀስታ ሲመቱም እንዲሰማ አድርጎ እንዲያበላሽልኝ አስረዳሁት። ቁልፉን አንሥቶ አንገቱን ደገፈና ትክ ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት አጥፋው ብለው ከፍለውኛል።»

«አዎ።»

«አሁን መልሰው ነው የሚሉኝ።»

«እስከ ፋሲካ።»

ትንሽ አሰበና «ማጥፊያውም መመለሻውም ዋጋው አንድ ነው» አለ። «ለዳግማይ ትንሣኤ ሊያስጠፉት ሲመጡ ግን ቅናሽ አደርግልዎታለሁ።»